ሦስተኛው መስመር

ድምፁ የሚወርደው ሁልጊዜ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገመዱን ነው።

ጠዋት ጠዋት ከባንዲራው ምሰሶ ሥር አንድ ማይክ አቆማለሁ፤ ሌላ ደግሞ ከሰልፉ መሀል፣ ከስድስተኛ ክፍሎች ፊት። በመጀመሪያው ናዲያ ትናገርበታለች፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አንባቢ ናት፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ። ሁለተኛው የተማሪዎቹን ድምፅ ይቀዳል። ይህን ያዘዙኝ ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ የሻሽወርቅ ናቸው። «ጋሽ ብርሃነ፣ ልጆቹ ቃል ኪዳናቸውን ሲሉ አጥርተው ይቅዱልኝ፤ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ እንለጥፈዋለን» አሉኝ። ቀዳሁ። ብሔራዊ መዝሙሩ ላይ ድምፁ ከግቢው አልፎ ወደ ኢምፔሪያል የሚወስደው መንገድ ድረስ ይሰማል። ቃል ኪዳኑ ሲጀመር ትንሽ ይቀንሳል፤ እሱ ያለ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን እልም ይላል። አራተኛው ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይመጣል።

ገመዱን ቀየርኩ። በማግስቱ ያው ሆነ። አምፕሊፋየሩን ፈታሁ፤ የላላ የመሰለኝን ሁሉ በየድኩ፤ አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ። አሁንም ያው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ሃያ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ፤ ስልክ ሬዲዮን ሲበላው ነው እዚህ በጥገና ሠራተኛነት የተቀጠርኩት። ሞያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጆሮዬን አምኜ ነው የገባሁበት። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ዓረፍተ ነገር መርጦ የሚበላሽ ዕቃ ገጥሞኝ አያውቅም።

እስከዚያው ክፍተቱን እሸፍናለሁ። ሦስተኛው መስመር ሲደርስ የናዲያን ማይክ ከፍ አደርገዋለሁ፤ እሷም ከልጆቹ ጋር ስለምትደግመው ግቢው በእሷ ድምፅ ይሞላል። ከፊት የሚቆሙት መምህራንና ርዕሰ መምህርቷ ምንም የጎደለ ነገር አይሰሙም።

በአራተኛው ቀን የናዲያን ማይክ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጌ በሰልፉ መሀል ዞርኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ገመዱም ማሽኑም ደህና ነበሩ። ዝም የሚሉት ልጆቹ ናቸው። አንዱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለውም። አንዷ ትስላለች። ሦስት ሴት ልጆች ተያይተው መሬት መሬት ያያሉ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል፤ በኋላ ስከታተለው በየቀኑ ልክ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው ክሩ የሚፈታበት።

ቃል ኪዳኑ ይህ ነው፦

እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ።
ሀገሬን እወዳለሁ፤ ሰንደቅ ዓላማዋን አከብራለሁ።
እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ እምላለሁ።
አልሰርቅም፤ አልኮርጅም፤ አላስኮርጅም።
ታላቄን አከብራለሁ፤ ታናሼን እንከባከባለሁ።

ሦስተኛውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ በግቢያችን ስልክ ጠፋ፤ ካልኩሌተር ጠፋ። ባለፈው ዓመት መጨረሻም አንድ ክፍል ሙሉ ተኮራርጆ ፈተናው ተሰርዞ ነበር። የወላጅና መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ዓለምሰገድ «እነዚህን ልጆች ቃል እናስገባቸው» የሚል ሐሳብ አመጣ። ዓለምሰገድ ኢምፔሪያል ላይ የቀለምና የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። የባንዲራውን ምሰሶ ያሠራልን፣ አጥሩን በየዓመቱ የሚያስቀባልን እሱ ነው። ድሮ ሬዲዮኑን እጠግንለት ስለነበር እንቀራረባለን። አንድ ቀን መደብሩ ጠራኝና አራት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ዘረጋልኝ።

«እስቲ እየው ብርሃነ። ጨው ጎድሎታል። አንተ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነህ፤ ጣል አድርግበት።»

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው የማልኩት። የጎረቤቴ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለምስክርነት ተጠርቼ፣ እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አድርጌ ስምል ጉልበቴ ከዳኝ። ያን ቀን ከእውነት አንዲት ቃል አላጎደልኩም፤ አንዲትም አልጨመርኩም። ልጆቹም እንዲህ ቢሰማቸው ብዬ ተመኘሁ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሦስተኛውን መስመር ጻፍኩ። ዓለምሰገድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ወጣሁ። ጉልበቴ የከዳኝ አንድ ጊዜ ብቻ ስለማልኩ መሆኑን አላሰብኩም።

ጥቅምት ላይ፣ በሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ቃል ኪዳኑ አጥሩ ላይ ተጽፎ ተጀመረ። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የማለዳውን ቃል የማይል ተማሪ ከአርፋጆች ጋር ይቆማል ይላል። አርፋጅ በእኛ ትምህርት ቤት ከበር ውጭ ቆሞ ይቆያል፤ የሚገባው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ነው።

እንግዲህ በሰልፉ መሀል በዞርኩበት ጠዋት፣ ቤዛዊት የምትባል የስምንተኛ «ለ» ተማሪ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። አላሳለችም፤ ጫማዋንም አላሰረችም። ሦስተኛው መስመር ሲደርስ አፏን ገጥማ ቀጥ ብላ ቆመች። ተረኛው የስፖርት መምህር እዝራ ከሩቅ አያትና ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ መጣ።

«አንቺ! አፍሽን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካውም ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አትዪም?»

«ሌላውን ብያለሁ። እሱን መስመር ብቻ ነው ያላልኩት።»

«ለምን ሲባል?»

«ትናንት አስኮርጃለሁ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዋ ያለ አንድ ልጅ «ኧረ ባክሽ፣ ማን ጠየቀሽ!» አላት። መምህር እዝራም ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም፤ ግን ያዘውና «ማንን ነው ያስኮረጅሽው?» አላት።

«እሱን አልናገርም ቲቸር። የራሴን ነው የምናገረው።»

በእረፍት ሰዓት ወደ ቢሮ ወሰዳት። እኔ ቢሮው ውስጥ የተቃጠለ መብራት ልቀይር መሰላል ላይ ወጥቼ ነበር፤ ውረድ ያለኝ ስለሌለ እዚያው ቆየሁ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። ሺህ አራት መቶ ልጅ ይዘው፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ግቢ፣ ሳይጮኹ የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። «ስለተናዘዝሽ ጎሽ» አሏት። «ቴስቱ ግን ዜሮ ነው። ነገ ተሰልፈሽ ቃልሽን ትያለሽ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።»

«ዜሮውን እቀበላለሁ» አለች ቤዛዊት። «መሐላውን ግን አልደግምም።»

«ምን ማለት ነው?»

«በእግዚአብሔር ስም አላስኮርጅም ብዬ ወር ሙሉ ማልኩ። ከዚያ አስኮረጅኩ። ነገም ብምል ከነገ ወዲያ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አላስኮርጅም ማለት እችላለሁ፤ እሞክራለሁም። እሱን ግን ምስክር አልጠራም።»

«ሁሉም እያለው አንቺ ብቻ?»

እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም እንደማይለው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያለሁት መሰላል ላይ ነው። የተቃጠለውን መብራት በእጄ ይዤ ወረድኩ፤ ምንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዛዊት በር ላይ ቆመች። የስምንተኛ «ለ» የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሒሳብ ነው። ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ሚኒስትሪ ፈተና የሚፈተኑበት ዓመት ነው፤ ልጅቷ የምትደክመውም በሒሳብ ነው። በሳምንት ሦስት ሒሳብ ያመለጠው ልጅ ሰኔ ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሰባተኛን ሳይጨርስ የቀረ እንደ እኔ ያለ ሰውም አያቅተውም።

የእኔ የዕቃ ክፍል ከበሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ መስኮቱ ወደ ውጭ ነው። አርፋጆቹ የሚያወሩትን ሁሉ እሰማለሁ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አሮጌ ስፒከር እየፈታሁ ሁለት ወንዶች ልጆች ሲነታረኩ ሰማሁ።

«ቻርጀሬን አንተ ነህ የወሰድከው።»

«አልወሰድኩም አቦ!»

«ማል።»

«እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ እምላለሁ።»

«ሂድ ወደዚያ! የሰልፉን ማን ጠየቀህ? የሰልፉ አይቆጠርም። የእውነቱን ማል።»

«እሺ፣ ማርያምን!»

«አሁን ገና።»

ካቻቪቴውን አስቀመጥኩ። ስሙን እዚያ ያስገባሁት ቃላቸው እንዲከብድ ብዬ ነበር። ከወር ብዙም ባላለፈ ጊዜ ውስጥ «የማይቆጠረው» አደረጉት። ልጆቹን ልቆጣ ብዬ ወደ መስኮቱ ስሄድ ቤዛዊትን አየኋት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ናዲያ በእረፍት ሰዓት የሰጠቻትን የሒሳብ ኖት ትገለብጣለች። ልጆቹን ተውኳቸው። በርጩማ ይዤላት ወጣሁ።

«ይመችዎት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ተቀመጠችና ቀና ብላ፣ «ያንን መስመር ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላውቅም አላልኩም። እኔ ነኝም አላልኩም። «ሒሳቡን ሥሪ ልጄ» ብዬ ገባሁ።

በዚያ ሳምንት በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ የምጸልየው ጸሎት አልሰምር አለኝ። ስጀምረው ያች «ማን ጻፈው» ትመጣለች።

ሳምንት ሲሞላት «ወላጅ አምጪ» ተባለች። አባቷ መሐሪ ከሃያ ሁለት በኢምፔሪያል ገርጂ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናውን በር ላይ አደጋ መብራት እያበራ አቁሞ ወረደ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ» አለኝ፣ በር ላይ ያገኘው እኔን ስለሆነ። «ሰረቀች?»

«አልሰረቀችም።»

«ተሳደበች?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» ወደ ልጁ ዞረ። «በይውና ግቢ አንቺም! አንድ መስመር ናት። አፍሽ ይበል፣ ልብሽ ይቅር።»

«አባ፣ ባለፈው ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ትራፊክ ሲይዝህ ምን አልከው?»

«ምን አልኩት?»

«ማርያምን አረንጓዴ ነው አልከው። ቀይ ነበር። ከጎንህ ተቀምጬ ነበር።»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ከመኪናው ውስጥ «ወይ ጉድሽ፣ አባትሽን አጋለጥሽው!» አለች።

መሐሪ አንገቱን አከከ። «እሱ ሌላ ነው። ትራፊክና ማርያም አይተዋወቁም።»

«አመነህ?»

«ምን ያምነኛል! ቀጣኝ እንጂ።»

«እና ዝም ብለህ ይቅርታ ብትለው አይሻልም ነበር?»

መሐሪ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺ ልጅ እናቷን ነው የወጣችው፤ አትመለስም» አለኝ። «ሚኒስትሪ ግን እንዳታመልጣት ጋሼ። እኔ ስምንተኛ ላይ ነው የቀረሁት። ያንን መስመር የጻፈውን ሰውዬ ባገኘው…»

«አግኝተኸዋል» አልኩት።

ሁለቱም አዩኝ። ፍርድ ቤቱንና የዓለምሰገድን ወረቀት ነገርኳቸው። ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ባለፈው ስትጠይቂኝ ዝም ማለቴ ከመጻፌ ይብሳል፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ቤዛዊት የበርጩማውን እግር ማየት ጀመረች። መሐሪ ግን «ታዲያ የጻፈው ይሰርዘዋላ!» አለና ወደ መኪናው ሮጠ፤ ከኋላ ክላክስ በዝቶበት ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ኅብረቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሰበሰብ፣ ሳልጠራ ስልኬን ይዤ ገባሁ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ዓለምሰገድና መምህር እዝራ ከሁለት ወላጆች ጋር ተቀምጠዋል። ሰኞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች ስለሚመጡ ስለ ፕሮግራሙ እያወሩ ነበር።

«አንድ ነገር ላሰማችሁ» አልኩ። የሦስት ቀን ቅጂ ከፈትኩላቸው። ሀገሬን እወዳለሁ፣ ግቢው ይጮኻል። ሦስተኛው ላይ ናዲያ ብቻዋን ናት፤ ከኋላዋ ጥቂት ድምፆች እንደ ጉንዳን ይተራመሳሉ። አልሰርቅም፣ እንደገና ጩኸት።

«ማይኩ ነው» አለ ዓለምሰገድ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ገመድ ቀይሬያለሁ። ማይኩ ደህና ነው።»

«እኛ ግን ሰልፉ ላይ ሰምተነው አናውቅም» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ።

«እኔ እየሸፈንኩት ነው። እዚያ መስመር ላይ የናዲያን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልሸፍንም።»

ዓለምሰገድ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። «እንግዲያው ልጆቹ እግዚአብሔርን መፍራት ትተዋል ማለት ነው። ለዚህ እኮ ነው መስመሩ የሚያስፈልጋቸው!»

«የማይፈሩ ቢሆኑ ጮክ ብለው ይሉት ነበር፣ ዓለምሰገድ። አብዛኞቹ ከቤታቸው በከንቱ አትማሉ ተብለው ያደጉ ናቸው። ፈርተው ነው የጫማ ክር የሚያስሩት። የማይፈሩት ደግሞ የሰልፉ አይቆጠርም የሚል ሕግ አውጥተዋል።» የቻርጀሩን ነገር ነገርኳቸው። መምህር እዝራ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«እኔም ሃይማኖትን ከትምህርት ስለሚለየው መመሪያ ሳስብ ነበር» አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ነን። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም የእኔ ተማሪ ነው።»

«እሱማ ቀላል ነው» አለ ዓለምሰገድ። «‹ፈጣሪን› እንበለው። ሁሉንም ያስማማል።»

«ናዲያን ጠይቄያት ነበር» አልኩ። «ቤት ስትለማመድ አባቷ ሰምተው ምን እንዳሏት ታውቃለህ? ‹በየቀኑ የሚያስምላችሁ ማነው? ፍርድ ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት?› ነው ያሏት። ስሙ ቢቀየር መሐላው ያው መሐላ ነው። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰርዙልኝ።»

«አንተ!» አለ ዓለምሰገድ፤ ፊቱ ቀላ። «የማለዳ ኪዳን ጸሎት የማያመልጥህ ሰው! ስሙን ከትምህርት ቤት ልታስወጣ ተነሳህ? አጥሩ ላይ እኮ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ በዘይት ቀለም!»

«እኔም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።»

ወይዘሮ የሻሽወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ፕሮግራሙ ታትሟል ጋሽ ብርሃነ። ቃል ኪዳኑም ውስጡ አለ። እንግዶቹ ይምጡ ይሂዱ፤ ከዚያ እናየዋለን። ልጅቷም እስከዚያ ትቆይ።»

«እስከዚያ ማለት ስንት ሒሳብ ነው?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እንግዲያው ሰኞ ማሽኑን አዘጋጃለሁ» አልኩ። «ማይኩ ይሠራል፤ አላጠፋውም፤ በሥራዬ አልቀልድም። የናዲያን ድምፅ ግን ከልኩ አላሳልፍም። መዝሙሩን ከፍቼ ወደ በር እሄዳለሁ፤ ቃል ኪዳኑ ሲባል ከቤዛዊት ጋር ነው የምቆመው።»

«እያስፈራሩኝ ነው?»

«አይደለም እመቤቴ። ከጀርባዎ እንዳላደርገው ብዬ ነው አሁን የምነግርዎ።»

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አራት እንግዶች ከምሰሶው አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ዓለምሰገድ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል፤ ሰላም አላለኝም። ማይኮቹን ሞከርኩ፤ የናዲያን ልክ አደረግኩት። «ጋሼ፣ ዛሬ ከፍ አያደርጉልኝም?» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ለካ ታውቅ ኖሯል። «ዛሬ የለም» አልኳት። መዝሙሩን ከፍቼ፣ በጎን በኩል አልፌ ከበር ወጣሁ።

በር ላይ ሰባት አርፋጆች ነበሩ። ቤዛዊት ከሁሉም ፊት፣ ፊቷን ወደ ባንዲራው አድርጋ፣ በብረቱ በር ክፍተት እያየች መዝሙሩን ትዘምራለች። መንገዱ ላይ የነበሩ ሰዎችም ቆመዋል፤ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ተነስታ፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው። ከጎኗ ቆሜ አብሬያት ዘመርኩ። መዝሙሩ አለቀ። የናዲያ ድምፅ መጣ።

«እኔ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ።» ግቢው ደገመው።

«ሀገሬን እወዳለሁ፤ ሰንደቅ ዓላማዋን አከብራለሁ።» ግቢው ጮኸ። ቤዛዊትም ከበር ውጭ ሆና ጮኸች።

«እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ እምላለሁ» አለች ናዲያ።

ከዚያ ምንም የለም። እኔ በሩ ላይ ሆኜ የባንዲራው ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ሰማሁ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ምናልባት አሥር የማይሞሉ ድምፆች ከወዲያና ከወዲህ ጀመሩትና ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያውቁ ተዉት። ናዲያም አልደገመችውም፤ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ከእንግዶቹ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፕሮግራም አንስቶ ሲያይ በበሩ ክፍተት አየሁት። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ልጆቹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ።

«አልሰርቅም…» አለች ናዲያ፤ ግቢው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ መለሰላት።

ቤዛዊት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

«እኔም ገመዱ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

ተማሪዎቹ ወደ ክፍል ገቡ። እንግዶቹን መምህር እዝራ ወደ ቤተ ሙከራው ወሰዳቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ብቻቸውን ግቢውን አቋርጠው መጡና የበሩን መቀርቀሪያ በራሳቸው እጅ ከፈቱት። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«እንዳሉት አደረጉት።»

«አዎ።»

ወደ ቤዛዊት ዞሩ። «አንድ ልጅ በር ላይ ማቆም እችላለሁ» አሏት፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ሺህ አራት መቶ ማቆም ግን አልችልም። ቃልሽን በይልኝ እስቲ። ያለ ሦስተኛው።»

ልጅቷ እጆቿን ወደ ታች ዘረጋች። አንደኛውን አለች፤ ሁለተኛውን አለች። አራተኛው ላይ ትንሽ ቆመችና፣ «አልሰርቅም፤ አልኮርጅም። አንድ ጊዜ አስኮርጃለሁ፤ ዳግመኛ አላስኮርጅም» አለች። አምስተኛውን ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔ ጉልበት ፍርድ ቤት እንደተንቀጠቀጠው ነው።

«ግቢ። ሒሳብ ተጀምሯል» አሏት።

ደብተሯን አቅፋ ሮጠች። በርጩማዬን ገለበጠችው፤ «ይቅርታ ጋሼ!» እያለች እንኳ አልቆመችም። ሌሎቹ ስድስት አርፋጆች አብረው ሊሾልኩ ሲሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ «እናንተ ወዴት? እናንተማ አርፍዳችሁ ነው!» ብለው መለሷቸው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አጥሩ ጋ የብሩሽ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ዓለምሰገድ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ፣ ሠራተኛ ሳያስከትል መጥቷል። ሦስተኛውን መስመር በአጥሩ ቀለም እየደፈነ ነበር። ሁለተኛ ብሩሽ አንስቼ ከጎኑ ቆምኩ፤ እሱ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ።

ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ እየነከረ፣ «ስሙን ስደፍን እጄ ተንቀጠቀጠ» አለኝ፤ አላየኝም።

«የእኔ ሲጽፈው አለመንቀጥቀጡ ነው የሚቆጨኝ።»

«አሁንም የተስማማሁ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«ዝም ብለህ ቀባ እንግዲህ።»

ቀባን። ቀለሙ ሁለት ጊዜ ቢደረብበትም የጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው ፊደሎቹ አሁንም ይታያሉ። ዓለምሰገድ ሦስተኛ ልደርብበት ቢል እኔ ነኝ ተወው ያልኩት።

ሰኞ ማይኮቹን አቆምኩና በሰልፉ መሀል ዞርኩ። ናዲያ አራቱን መስመር አነበበች። ቤዛዊት ከሰልፏ አለች። ያ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጋ ስደርስ ቆሜ ጠበቅኩት። ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ጫማው እስከ መጨረሻው እንደታሰረ ቆየ።